ሲከፍቱት የሚያለቅስ፣ ሲዘጉት የማይሰማ ዲቴክተር

ጥያቄዎን ሌላውም አንባቢ እንዲከታተለው በአጭሩ ልድገመው። በፐልስ ኢንዳክሽን የሚሠራ፣ ማለትም በኮይሉ አጭር የኤሌክትሪክ ምት እየላከ ከምቱ በኋላ የሚመለሰውን ምልክት የሚያነብ የብረትና የወርቅ መፈለጊያ ዲቴክተር በእጅዎ ሠርተው ሻኪሶ አካባቢ በቀይ አፈር ላይ ሊሞክሩት ነው። ኮይሉ 26 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በ0.5 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 25 ዙር ተጠቅልሏል። ባትሪው 12 ቮልት፣ ኮይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው አይአርኤፍ 740 ሞስፌት፣ የመጀመሪያው ማጉያ ኤንኢ 5534፣ ድምፅ አውጪው ደግሞ ኤልኤም 386 ነው። ፊቱ ላይ አራት ማዞሪያዎች አሉ፦ ሴንሲቲቪቲ (ምልክቱ የሚጎላበት መጠን)፣ ትሬሾልድ (ድምፁ መሰማት የሚጀምርበት ደፍ)፣ ዲሌይ (ከምቱ በኋላ እስኪነበብ ያለው ጊዜ) እና የምት ፍጥነት። ሴንሲቲቪቲው ከግማሽ ሲያልፍ መሣሪያው ያለማቋረጥ ያለቅሳል፤ ከግማሽ በታች ሲሆን ደግሞ ቀለበት የሚያሰማው በ10 ሳንቲ ሜትር ላይ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ድምፁ በየጥቂት ደቂቃው እየተንሸራተተ ያስቸግርዎታል። በመጨረሻም ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሻል፣ ወርቅና ብረትም በተለያየ ድምፅ እንዲጮኹ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ስሌት ላስቀምጥ፤ ምክንያቱም እርስዎን ጨምሮ ዲቴክተር የሚሠራ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሴንሲቲቪቲን ከጥልቀት ጋር አንድ አድርጎ ስለሚያየው ነው። ከኮይሉ ራቅ ብሎ የተቀበረ ትንሽ ነገር የሚመልሰው ምልክት በግምት በርቀቱ ስድስተኛ ኃይል መጠን ይደክማል። ስለዚህ ጥልቀቱን እጥፍ ለማድረግ ምልክቱን 64 ጊዜ ማጉላት ያስፈልጋል፤ ማጉላቱን እጥፍ ቢያደርጉት ግን የሚያተርፉት 12 በመቶ ብቻ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር የነበረው 11 ሳንቲ ሜትር ከጥቂት ይሆናል። ጫጫታው ግን ያለ ምንም ቅናሽ እጥፍ ይሆናል። እኔ የማየው ችግር የሴንሲቲቪቲ ማነስ አይደለም፤ ትሬሾልዱና የድምፁ መንገድ ገና አልተቃኙም።

ድምፁን እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ሳይሆን እንደ መለኪያ ይቁጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1881 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት ሲፈልግ፣ መሣሪያው የሚነግረውን የሚሰማው በቴሌፎን ማዳመጫ ነበር። ጥይቱን አላገኘውም፤ ከምክንያቶቹ አንዱም ፕሬዚዳንቱ በተኙበት አልጋ ውስጥ የነበሩት የብረት ሞላዎች ናቸው። ይህን ታሪክ የማነሣው ሳሎን ውስጥ ሆነው ዲቴክተር ለሚቃኙ ሰዎች ሁሉ ነው፤ የሲሚንቶ ወለል ውስጡ ፌሮ ነው፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው።

የሰው ጆሮ የድምፅን መጉላትና መድከም በመለየት በኩል ሰነፍ ነው፤ አንድ ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም በቮልቴጅ ሲታይ 12 በመቶ ገደማ ካልተለወጠ አይነቃም። የድምፅን መቅጠንና መወፈር ግን በሚያስደንቅ ጥራት ይከታተላል፤ በ500 ሄርዝ የሚሰማ ድምፅ በ4 ሄርዝ ቢቀጥን ሙዚቃ ያልተማረ ሰው እንኳን ያስተውለዋል። ስለዚህ የእርስዎ ሰርኪዩት ምልክቱን በጉላት ብቻ የሚገልጽ ከሆነ፣ ከኢንቴግሬተሩ፣ ማለትም የብዙ ምቶችን ንባብ አዳምሮ ከሚያለሰልሰው ክፍል ቀጥሎ፣ ቮልቴጅን ወደ ድግግሞሽ የሚቀይር ክፍል ይጨምሩለት። ሲዲ 4046 የተባለው አይሲ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በእጅዎ ያለው 555 ከሆነም ምልክቱን በአምስተኛው እግር በኩል በማስገባት ይሠራል፤ ነገር ግን በዚያ እግር ላይ ቮልቴጁ ሲጨምር ድምፁ ይወፍራል እንጂ አይቀጥንም፤ ስለዚህ ምልክቱ አስቀድሞ መገልበጥ አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው ወርቅ ሲያገኝ የሚያጉረመርም፣ ባዶ መሬት ላይ የሚያፏጭ ዲቴክተር ይሠራል።

የመነሻ ድምፁ ከ250 እስከ 500 ሄርዝ ባለው ክልል ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከዚያ ተነሥቶ በጠንካራ ምልክት ወደ 1500 ወይም 2000 ሄርዝ ቢወጣ ይበቃዋል። ባትሪ ሲሰጡት በራሱ የሚጮኸውን ባዘር አይጠቀሙ፤ ድምፁ በአንድ ቅጥነት ላይ የተቸነከረ ስለሆነ መጮኹን እንጂ ምን ያህል እንደተለወጠ አይነግርዎትም፤ ብዙዎቹም በጣም ቀጭን ስለሆኑ ዕድሜው የገፋ ሰው በደንብ ላይሰማቸው ይችላል። ሜዳ ላይ ነፋስ ስላለ ማዳመጫ ይሻላል። ከ100 እስከ 220 ኦም የሚሆን ሬዚስተር በተከታታይ ያስገቡበት፤ ጉላቱን ሲመጥኑም ቢላዋ ኮይሉ ላይ አስቀምጠው በከፍተኛው ጩኸት ይመጥኑት፤ በመነሻ ድምፁ ከመጠኑት የመጀመሪያው ትልቅ ብረት ጆሮዎን ይጎዳዋል።

እዚህ ላይ ከጥያቄዎ ትንሽ ልውጣ፤ ቀለል ያለውን፣ በሁለት ኦስሌተሮች (ንዝረት አመንጪ ሰርኪዩቶች) የሚሠራውን ዓይነት የገጠሙ ሰዎችም ተመሳሳይ ስሕተት ስለሚሠሩ ነው። ሁለት ክራሮችን እርስ በርስ ሲያቃኙ ክሮቹ ሊገናኙ ሲቃረቡ በመካከላቸው የሚሰማውን ውልብልብታ ያውቁታል፤ ያ ዲቴክተር የሚያሰማው እሱን ነው። ሁለቱም ኦስሌተሮች 100 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ይሠራሉ እንበል። አንድ ነገር ኮይሉን በ5 ሄርዝ ብቻ ቢያዛባው፣ ልዩነቱ 500 ሄርዝ ላይ ተቃኝቶ ከነበረ ለውጡ 1 በመቶ ነው፤ 50 ሄርዝ ላይ ከነበረ ግን 10 በመቶ ይሆናል፤ ሕፃንም ይሰማዋል። ስለዚህ ድምፁ ወፍሮ መንተክተክ እስኪቀረው ድረስ ዝቅ ተደርጎ ይቃኛል። ነገር ግን በጣም ሲቀራረቡ ሁለቱ ኦስሌተሮች ይያያዙና ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል፤ መፍትሔው ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው የኃይል ማጣሪያና መከለያ መስጠት ነው።

ወደ እርስዎ መሣሪያ ልመለስ። መሣሪያውን ይዘው ሜዳ ይውጡ። ኮይሉን ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በእንጨት ላይ ያንጠልጥሉት፣ ሰዓትና ቀለበት ያውልቁ፣ ስልክዎን ያጥፉ፤ የጂኤስኤም ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ የሚቆራረጥ ምት ስለሚልክ በማዳመጫው ውስጥ ገብቶ ይንጫጫል። አብርተው ለ10 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ ሴንሲቲቪቲውን ሩብ ላይ አድርገው ትሬሾልዱን ከዜሮ ጀምሮ በዝግታ ያዙሩት። በመጀመሪያ ዝምታ ይሆናል፤ ቀጥሎ አልፎ አልፎ ጢቅ ማለት ይጀምራል፤ ጢቅታዎቹ እየተቀራረቡ ሄደው እንደ ራቀ የንብ ድምፅ ይያያዛሉ። እጅዎ የሚቆመው እዚያው፣ ድምፁ ተያይዞ ገና ሳይጎላ ነው። ከዚህ በታች ካስቀመጡት ደካማው ምልክት ዝምታውን ሳይሰብር ያልፋል፤ ከዚህ በላይ ካስቀመጡት ደግሞ ጩኸቱ ይሸፍነዋል።

አሁን ሴንሲቲቪቲውን በትንሹ ይጨምሩ፤ ትሬሾልዱን መልሰው እዚያው የንብ ድምፅ ላይ ያምጡት፤ እንዲህ እያፈራረቁ ይቀጥሉ። አንድ ቦታ ላይ ማንም ሳይነካው ድምፁ መንቀጥቀጥና መቅበዝበዝ ይጀምራል። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደኋላ የተመለሱበት ቦታ የመሣሪያዎ እውነተኛ ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ማዞሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም ቢሆን። መሞከሪያ የሚሆንዎ ሽምብራ የምታህል እርሳስ ናት፤ የምትመልሰው ምልክት ለተፈጥሮ ወርቅ እንክብል ስለሚቀርብ፣ ብትጠፋም ስለማታሳዝን። በክር አንጠልጥለው ያሳልፏት እንጂ በእጅዎ ይዘው አይሞክሩ።

ልቅሶው ግን በዚህ ብቻ ላይጠፋ ይችላል። እርስዎ የገለጹት ዓይነት፣ ማለትም ከተወሰነ ነጥብ በኋላ በድንገት የሚነሣ ያልተቋረጠ ጩኸት፣ ብዙ ጊዜ የጫጫታ ሳይሆን ሰርኪዩቱ በራሱ ላይ ተመልሶ የመጮኹ ምልክት ነው። ኤልኤም 386 ድምፁን ሲያወጣ ከባትሪው በምት በምት ይስባል፤ ቮልቴጁ በዚያው ልክ ይጎድላል፤ ጉድለቱ በኃይል መስመሩ በኩል ወደ 5534 ይገባል፤ እሱም እንደ ወርቅ ምልክት አጉልቶ መልሶ ይልከዋል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው መሣሪያዬ ላይ ሁለት ምሽት ሙሉ በካውያ አይሲ ስነቅልና ስተክል ቆይቼ፣ ጥፋቱ የድምፅ ማጉያውን (የስፒከሩን) ነጌቲቭ ሽቦ ከመጀመሪያው ማጉያ ነጌቲቭ ጋር አንድ ነጥብ ላይ መበየዴ ሆኖ አገኘሁት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የድምፅ ማጉያውን ነቅለው በቦታው በ220 ኦም በኩል ማዳመጫ ይሰኩ። ጩኸቱ ከቆመ ወይም በጣም ከቀነሰ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔውም የ386ን ነጌቲቭ በራሱ ሽቦ በቀጥታ እስከ ባትሪው መውሰድ፣ ወደ 5534 የሚሄደውን ፖዘቲቭ ደግሞ በ10 ኦም ሬዚስተርና በ1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ማጣራት ነው። ማዳመጫ ሰክተውም ጩኸቱ ካልተለወጠ ዲሌዩን ይጠርጥሩ፤ ወደ እሱ አሁን እመጣለሁ።

መንሸራተቱን በተመለከተ ትሬሾልድ ማዞሪያው ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ ይመልከቱ። በቀጥታ ከባትሪው ከሆነ ባትሪው ከ12.6 ወደ 12.0 ቮልት ሲወርድ፣ 2 ቮልት ላይ የተቀመጠው ትሬሾልድ 95 ሚሊ ቮልት ያህል አብሮ ይወርዳል፤ እርስዎ የሚያድኑት ምልክት ግን በጥቂት ሚሊ ቮልት የሚቆጠር ነው። 78ኤል05 የተባለውን የቮልቴጅ ማረጊያ አስገብተው ለትሬሾልዱ የማይናወጥ 5 ቮልት ይስጡት። ማዞሪያውም አንድ ብቻ ከሆነ እጅ አይበቃውም፤ 100 ኪሎ ኦም ለሻካራው፣ ከእሱ ጋር በተከታታይ 5 ኪሎ ኦም ለረቂቁ ቢገጥሙ ያርፋሉ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው መንሸራተት የሙቀት ነው፤ ሳጥኑን ከፀሐይ መከለል ይረዳል።

ዲሌይ ሞስፌቱ ከጠፋበት ቅጽበት ጀምሮ ምልክቱ እስኪነበብ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ትንሽ ወርቅ ውስጥ የሚነሣው ጅረት በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ይሞታል፤ ስለዚህ 25 ማይክሮ ሰከንድ ላይ የሚያነብ መሣሪያ ሚስማርና ሳንቲም እየሰማ የወርቅ ፍንጣሪን ያልፋል። ከ10 እስከ 12 ማይክሮ ሰከንድ ድረስ መውረድ ጥሩ ግብ ነው። ማዞሪያውን እየቀነሱ ሲሄዱ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ በድንገት ይዘላል፤ ያ መሣሪያው የኮይሉን የራሱን ንዝረት ማንበብ የጀመረበት ነጥብ ነው። ነጥቡ ከ15 ማይክሮ ሰከንድ በላይ ከሆነ ከኮይሉ ጋር በትይዩ የተገጠመውን ማፈኛ ሬዚስተር ይመርምሩ። የእርስዎ ኮይል 360 ማይክሮ ሄንሪ አካባቢ ይወጣል፤ ከኬብሉና ከሞስፌቱ ጋር ያለው ካፓሲታንስ 200 ፒኮ ፋራድ ቢሆን ተስማሚው ሬዚስተር 670 ኦም ገደማ ነው። በተግባር ከ680 ኦም እስከ 1 ኪሎ ኦም ያሉትን እየቀያየሩ ዝላዩ በጣም ወደታች የወረደበትን ይያዙ።

እዚህም ላይ ያው የሴንሲቲቪቲ ጉዳይ ይመለሳል። 5534 በግምት 10 ሜጋ ሄርዝ የሚደርስ ነው፤ 1000 ጊዜ እንዲያጎላ ሲያስገድዱት የሚቀርለት 10 ኪሎ ሄርዝ ስለሆነ ለመንቃት ብቻ 16 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያ ፍጥነት የ10 ማይክሮ ሰከንድ ንባብ ከንቱ ነው። ማጉላቱን ወደ 300 ቢያወርዱት ወደ 5 ማይክሮ ሰከንድ ይወርዳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ማጉያ ዝቅ ማድረግ ትንሹን ወርቅ እንዲሰሙ ያደርጋል፤ የጎደለውን ከኢንቴግሬተሩ በኋላ ባለው ደረጃ ይመልሱታል።

የምት ፍጥነት ማዞሪያ በአንዳንድ ቀላል ሰርኪዩቶች የድምፁንም ቅጥነት ስለሚለውጥ ብዙዎች የድምፅ መምረጫ ይመስላቸዋል። ዋናው ጥቅሙ ግን ከመብራት መስመር መሸሽ ነው። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ ምቱ በሰከንድ 603 ከሆነ የመብራቱ 12ኛ ተከታይ ድግግሞሽ፣ ማለትም 600ው፣ በ3 ሄርዝ ልዩነት እየተንሳፈፈ ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከሁለት የ50 ብዜቶች መካከል፣ ለምሳሌ 625 ላይ ቢያስቀምጡት ልዩነቱ 25 ሄርዝ ስለሚሆን ኢንቴግሬተሩ በቀላሉ ይውጠዋል።

ከዚያ ወደ አፈሩ ይውረዱ። በብረት ኦክሳይድ የበለጸገ ቀይ አፈር ከምቱ በኋላ የራሱን ምልክት ስለሚሰጥ፣ በአየር ላይ የተቃኘ ትሬሾልድ መሬት ሲነካ ይጮኻል። ኮይሉን በሚሠሩበት ከፍታ፣ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዘው ንጹሕ መሬት ላይ እንደገና ይቃኙት፤ ሲያወዛውዙም ከፍታውን እንደያዙ ይሁን፣ ምክንያቱም በየጫፉ ወደላይ የሚነሣ ኮይል በየምልልሱ የሐሰት ድምፅ ያሰማል። ይህን ምክር ከእርስዎ ጋር ተራ ለሚገቡ ጓደኞችዎም ይንገሯቸው።

ሁለት ድምፅ የማግኘቱ ጥያቄ የሚመለሰውም በዚሁ አፈር ምክንያት ነው። የአፈሩ ምልክት ከጊዜ ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል፤ 10 ማይክሮ ሰከንድ ላይ ከነበረው 30 ላይ ሲነበብ ሲሶ ይቀራል። ስለዚህ ሁለተኛ ንባብ በ30 ማይክሮ ሰከንድ ወስደው፣ በ3 አባዝተው ከመጀመሪያው ቢቀንሱት አፈሩ ዜሮ ይሆናል፤ የማባዣውን መጠን በማዞሪያ ካደረጉት ኮይሉን ወደ መሬት ከፍ ዝቅ እያደረጉ ድምፁ እስኪረጋ ድረስ ያስተካክሉታል። የዚህ ቅነሳ ውጤት ቶሎ ለሚሞት ምልክት ፖዘቲቭ፣ ቀስ ብሎ ለሚሞት ምልክት ነጌቲቭ ይሆናል፤ ድምፁም አንዱን ሲቀጥን፣ ሌላውን ሲወፍር ይነግርዎታል። ድንበሩ በዚህ ምሳሌ 18 ማይክሮ ሰከንድ ላይ ነው፤ የመሞቻ ጊዜው ልክ እዚያ ላይ የወደቀ ነገር፣ ወርቅም ቢሆን፣ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይሰወራል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ነገር ግን ቀጭኑን ወርቅ፣ ወፍራሙን ብረት ብለው አይሰይሟቸው። ሁለቱ ድምፆች የሚለዩት አጭሩን ከረጅሙ ነው። ትልቅ የወርቅ እንክብል ከሚስማር ጋር በወፍራሙ ሊጮኽ፣ ስስ የቆርቆሮ ቁራጭም ከወርቅ ፍንጣሪ ጋር በቀጭኑ ሊጮኽ ይችላል። ጥቂት የሚረዳው ምልክቱን ካገኙ በኋላ ኮይሉን 90 ዲግሪ ዞረው በመስቀለኛ ማሳለፍ ነው፤ ረጅም ሚስማር አቅጣጫው ሲለወጥ ድምፁ ይለወጣል፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ ያሰማል፤ ክብ ነገር ግን በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ነው። ቆርኪም ክብ ስለሆነ በዚህ ፈተና ያልፋል፤ ጥቂት ቆርኪዎች መቆፈርዎ አይቀርም። ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ ግን በዚህ መሣሪያ ድምፅ ተማምነው አይቆፍሩ፤ ፈንጂና የድስት ክዳን የሚያሰሙት አንድ ሊሆን ይችላል።

የሁለተኛውን ንባብ ሰርኪዩት ከመጀመርዎ በፊት ያንን የድምፅ ማጉያ ሽቦ ይንቀሉትና በማዳመጫ ይሞክሩት። ከዚያ ድምፁ የሚዘልበትን ዲሌይ በማይክሮ ሰከንድ፣ ሽምብራዋ እርሳስ የምትሰማበትን ርቀትም በሳንቲ ሜትር ጽፈው ይላኩልኝ፤ የ5534ን ማጉላት ምን ያህል ማውረድ እንዳለብዎት ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች እናሰላዋለን።